እንግዳ ሲመጣ የሚጠረግ ሜዳ

ቺጉሳን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የአካፋ ድምፅ ነበር። በበረዷማዋ የሺራሳካ ከተማ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልቡም ለይቶ ያውቀዋል፤ ደረቅ በረዶ ሲጠረግ ይንሿሿል፣ እርጥቡ ሲጠረግ ያቃስታል። የዛሬው ያቃስት ነበር። ያ ብቻ ቢሆን ተገላብጣ በተኛች። ግን አካፋዎች እርስ በርስ እየተጋጩ መኪና ላይ ሲጫኑም ሰማች። ዛሬ ይህ ድምፅ መሰማት አልነበረበትም።

ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ወጣች። አባቷ ኢዋኦ ሁለት እጀታ ያላቸውን ሰፋፊ አካፋዎች በትንሿ የጭነት መኪና ላይ ይደረድር ነበር።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ስታዲየም። በሩን ብቻ ላጸዳ ነው።» ቀና ብሎ አላያትም። «እንግዳ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ እየዋኘ ይግባ?»

«ሐሙስ ዕለት ተስማምተን የለ እንዴ፣ አባዬ? አንተም እጅህን አውጥተሃል።»

«እጄን ያወጣሁት ስለ ሜዳው ነው። ስለ በሩ ያነሳ ሰው የለም።»

ቺጉሳ ለባብሳ መጥታ መኪናው ውስጥ ከጎኑ ተቀመጠች። ብቻውን ከሄደ በሩ ላይ እንደማይቆም ታውቃለች።

ሐሙስ ዕለት የከተማው እግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ወይዘሮ ሃታኖ ደጋፊዎችን ሰብስባ የነገረቻቸው ግልጽ ነበር። ሊጉ የውድድር ዘመኑን ሊቀይር አስቧል። እስካሁን ውድድሩ በመጋቢት ተጀምሮ በኅዳር ያልቃል፤ ከእንግዲህ በነሐሴ ተጀምሮ፣ የበረዶውን ወራት አቋርጦ፣ በግንቦት ይጠናቀቅ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ለደቡብ ክለቦች ችግር የለውም፤ እዚያ በጥርም ሣሩ ሣር ነው። የሺራሳካ ክለብ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ጣሪያ ላለው የልምምድ ሜዳ ማሠሪያ ርዳታ፣ በረዶው በሚከፋበት ጊዜ ደግሞ ረዘም ያለ ዕረፍት። ሊጉ ሁኔታውን አይተው የሚመለሱ ሦስት ሰዎች እሁድ ይልካል። ስለዚህ እሁድ ማንም አካፋ እንዳይነካ፣ ሜዳው እንዳለ ይታይ አለች።

ጥያቄው ተቀባይነት ካጣ ክለቡ በበረዶው ወራት ሁሉንም ጨዋታ ከሜዳው ውጭ ያደርጋል፤ ገቢው ይደርቃል፤ ከሁሉ በፊት የሚዘጋውም የልጃገረዶች ቡድን ነው። ወይዘሮ ሃታኖ ይህን ስትናገር የቺጉሳን ፊት ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ ታይ ነበር። ቺጉሳ የዚያ ቡድን የግራ ተከላካይ ናት። ሌላ የልጃገረዶች ቡድን ያለው ከተራራው ወዲያ ሲሆን፣ በረዶ ሲበረታ ባቡሩ አይሄድም። ቡድኑ ከተዘጋ ኳስ ለእሷ በአሥራ አምስት ዓመቷ አከተመ ማለት ነው።

ሆኖም በዚያ ስብሰባ ላይ በልቧ ይዛ የቀረችው ነገር ነበር። ሊጉ ተሳስቷል ብላ አታምንም። አምና ክለቡ ሠንጠረዡን እየመራ ሐምሌ ገባ። በሐምሌ አንድ የቤልጂየም ክለብ አጥቂውን ሶማን ገዛው። አውሮፓውያን ቡድናቸውን የሚያደራጁት የእነሱ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ያኔ የእኛ ተጋምሷል። ተተኪ ሲፈለግ ቅጠል ረገፈ፤ ሺራሳካም መሃል ሠንጠረዥ ላይ ጨረሰ። በየዓመቱ ይህ ዕጣ የሚደርሰው ክለብ አይጠፋም። ትንሽ ሊግ ተጫዋቾቹን መሸጡ አይቀርለትም፤ ግን ቤቱ በሰው በተሞላ ሰዓት ምሰሶ መንቀል ምን ይሉታል? ቺጉሳ ይህን ለጓደኛዋ ለሪትሱ አጫውታት ነበር። ሪትሱ አሰብ አድርጋ፣ «አባትሽ ፊት እንዳትደግሚው፤ ማደሪያ ፍለጋ እኛ ቤት ትመጫለሽ» አለቻት።

ስታዲየሙ በር ላይ ሲደርሱ ቀድሟቸው የመጣ ሰው ነበር። የአኩሪ አተር አይብ ሻጩ ጋሽ ቶኩዞ ወገባቸውን በሻርፕ አስረው በሩን አጽድተው ጨርሰዋል። ኢዋኦ ጥቂት ቅር አለው። በሩ ከተጠረገ እንግዲህ እስከ ቢሮው ያለችውን መንገድ ልያዝ አለ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ እሱ ያሰበው ለደረጃዎቹ ነው፤ እንግዳ አንሸራቶት እግሩ ቢሰበር የከተማው ስም ይጠፋል። ከዚያ የሪትሱ እናት፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ከዚያ አካፋ የያዘ ሁሉ። እያንዳንዱ ሲገባ «እኔ እንኳ ይቺን ብቻ» ይላል። የሐሙሱን ስምምነት አፈረስኩ ያለ ማንም አልነበረም።

ሪትሱ ከትሪቡኑ ሥር ብቅ አለች።

«እማዬን እያት እስቲ» አለች በአገጯ እያመለከተች። «‹መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ብቻ› ብላ ነው ከቤት የወጣችው። አሁን የክብር ወንበሮቹን በፎጣ እየወለወለች ነው።»

«አንቺስ? እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሪትሱ አካፋዋን እንደ አዲስ ነገር አየችው። «አቦ ተይኝ። ሰው ሁሉ ሲሠራ ቆሜ ልይ?»

በሺራሳካ ሜዳው የሚጠረግበት ሥርዓት አለ። መጀመሪያ ከመሃል መስመር ተነስቶ የሚገፋው የልጃገረዶቹ ረድፍ ነው። ቀለል ያሉ ስለሆኑ በረዶውን ረግጠው ሣሩ ላይ አያጣብቁትም፤ የላዩን ይገፋሉ። ጎልማሶቹ የሥሩን ይዘው ይከተላሉ። ሽማግሌዎቹ ነጩን መስመር በመጥረጊያ ያወጣሉ። የፊተኛው ረድፍ ሳይነሳ ከኋላ የሚነሳ የለም። ከአምና ጀምሮ ረድፉን የምታስነሳው ቺጉሳ ናት።

በሩም፣ መንገዱም፣ ደረጃውም፣ ወንበሩም ተጠርጎ ሲያልቅ ሰዎቹ የሜዳው ዳር ላይ ቆሙ። ወደ ሜዳው የሚያይ የለም። አንዱ ጓንቱን ያራግፋል፣ ሌላው ስለ ዓሣ ዋጋ ያወራል። ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ዙሪያው ጸድቶ መሃሉ ነጭ የቀረው ሜዳ ፊቱን ታጥቦ ፀጉሩን ሳያበጥር የወጣ ሰው ይመስል ነበር። ቺጉሳን ያዘዛት የለም። አባቷ እንኳ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር፤ ግን ያ ጀርባ ይጠብቃል። የቡድኗ ልጆች አንድ በአንድ መጥተው በግራና በቀኝ ተሰለፉ። እንግዶቹን የጫነው መኪና የተራራውን ዋሻ ማለፉን አንድ ሰው በስልክ ሰምቶ ተናገረ።

«እንሂድ» አለች ቺጉሳ። ረድፉ ተነሳ።

ወይዘሮ ሃታኖ ስትደርስ ሜዳው አረንጓዴ ነበር። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች መስመሩ ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። በመጨረሻ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ለኢዋኦ። «አትጥረጉ ያልኩት ለሺራሳካ ሰው ነው።» ኢዋኦ ይቅርታ ጠየቃት፤ ከአንጀቱ ግን አልነበረም። ሜዳው በእውነትም ያምር ነበር።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። መሪያቸው ወይዘሮ ካሱጋ በወጣትነቷ ራሷ ተጫዋች የነበረች፣ ጥቂት የምታወራ የደቡብ ሴት ናት። ሁለተኛው ሽማግሌ ሰው ሲሆኑ ብርዱ አፋቸውን ዘግቶታል። ሦስተኛው ወጣት ግን ከመኪናው እንደወረደ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ያዘ። ያልጠበቀው ነገር እንደሆነ፣ ሌሎች ከተሞችም ከዚህ ቢማሩ ጥሩ እንደሆነ ተናገረ። ይህን የመሰለ ሕዝብ ያለው ክለብ በጥር መጫወት አያቅተውም፤ ጣሪያ ያለው የልምምድ ሜዳ ነገርም እንግዲህ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል አለ። ወይዘሮ ሃታኖ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። ወጣቱ ግን ወደ ኢዋኦ ዞሮ ነበር።

«ሥራው አልከበዳችሁም?»

«ኧረ ምንም አይደል» አለ ኢዋኦ ጎንበስ ብሎ። «ሰውነታችንን ለማፍታታት ያህል ነው።»

ቺጉሳ አባቷን አየች። ቀኝ እጁን እጅጌው ውስጥ ከትቶ አንጓውን ያሻል። ጋሽ ቶኩዞ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ወገባቸው ቀና ለማለት እምቢ ስላላቸው የሚያዩት የራሳቸውን ጫማ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው፤ እሁድ ደግሞ ዋና ገበያው ነው። ከእነዚህ አንዱም ፎቶው ውስጥ አልገባም።

ወደ ክለቡ ቤት ገቡ። የነጭ ጋዝ ምድጃው ይነዳል። የሪትሱ እናት ሻይና በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አቀረበች። ወይዘሮ ካሱጋ ከትልልቆቹ ጋር ትንሽ ከተነጋገረች በኋላ ጽዋዋን ይዛ ልጃገረዶቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ መጣች። ቺጉሳን የምትጫወትበትን ቦታ ጠየቀቻት። ቀጥላ በበረዶው ጊዜ የት እንደሚለማመዱ ጠየቀች።

«ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ» አለች ቺጉሳ። «ኳስ አይፈቀድም። እንሮጣለን።»

«ሜዳው ለእናንተ አይጠረግም?»

«የሚጠረገው ለጨዋታ ነው። ለእንግዳም።»

ወይዘሮ ካሱጋ ጽዋዋን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የውድድር ዘመኑ ባይቀየር ነው የምትፈልጊው?» አለቻት።

ሪትሱ በጉልበቷ ነካቻት። ቺጉሳ ግን መለሰች። «ቢቀየር ጥሩ ነው። አለዚያ በየዓመቱ እኩሌታ ላይ ቡድናችን ይፈርሳል። ግን የሌላ አገር አሠራር እንዳለ ከመጣ...» አባቷ ከምድጃው ባሻገር እያያት ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው።

በዚህ መሃል መስኮቱ ጨለም አለ። በረዶው እንደገና ጀመረ፤ ትልልቅ፣ እርጥብ፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ። ወጣቱ እንግዳ ስለ ትኬት ሽያጭ እያወራ ስለነበር ልብ አላለም። የሺራሳካ ሰዎች ግን ሁሉም አዩት። ጽዋዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ቶኩዞ ጠረጴዛውን ተመርኩዘው ተነሱ። ጨዋታ ቢሆን ኖሮ በዕረፍት ሰዓት እንደሚደረገው፣ ሰዎቹ ያለ ምንም ቃል ጓንታቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ፤ እዚያም ቆሙ። የፊተኛው ረድፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ሪትሱ ቺጉሳን አየቻት። የቡድኑ ልጆች ሁሉ አዩአት።

ቺጉሳ እርጥብ ጓንቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ቺጉሳ» አለ ኢዋኦ። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም፤ በረዶውን ልብ ያላለች መስሎት ይሆናል። «መስመሩ ሊጠፋ ነው።»

«ይጥፋ፣ አባዬ።»

ወጣቱ እንግዳ እንኳ ማውራቱን አቆመ። ጋሽ ቶኩዞ ከበሩ አጠገብ ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ የእምቢተኛ ሳይሆን እፎይ ያለ ሰው አቀማመጥ ነበር። ኢዋኦ ልጁን፣ እንግዶቹን፣ እንደገና ልጁን አየ። ከዚያ አካፋውን ይዞ ብቻውን ወጣ።

በመስኮቱ ይታያል። ከመሃል መስመር ተነስቶ ገፋ። በሄደበት አረንጓዴ ጎዳና ተከፈተ፤ የግቡ ክልል ጋ ደርሶ ሲዞር የጎዳናው መነሻ ግራጫ ሆኗል። ተመልሶ ጎኑን ገፋ። ሲደርስ የመጀመሪያው ነጭ ነበር። ወይዘሮ ካሱጋ ጽዋዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ሽማግሌው እንግዳም ከኋላዋ ቆሙ። ኢዋኦ ማሳያ ለመሆን አስቦ አልነበረም፤ እንደዚያ መታየቱንም ቢያውቅ ያፍር ነበር።

«ብቻቸውን ናቸው» አለች ሪትሱ በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንግፋላቸው። አባትሽ እኮ ናቸው።»

ቺጉሳም ያንን ነበር የምታስበው። አንድ ቃል ከተናገረች ረድፉ ይነሳል፤ ጎልማሶቹ ይከተላሉ፤ ሜዳው ይጸዳል፤ አባቷም አመሻሽ ላይ ቤት ሲገባ ይህን ቀን አያነሳባትም። እንግዶቹም ንጹሕ ሜዳ አይተው ይሄዳሉ።

ተነሳች። ልጆቹም ሊነሱ ሲሉ በእጇ «ቆዩ» አለቻቸው። ካፖርቷን ለበሰች፤ በሩ ጥግ ተደግፎ በቆመው አካፋዋ አጠገብ አልፋ ባዶ እጇን ወጣች።

ሜዳው ላይ የጫማዋ ዱካ ብቻ ይታይ ነበር። ኢዋኦ ስትመጣ አይቶ እጀታው ላይ ተደግፎ ጠበቃት። ከአንገቱ እንፋሎት ይወጣል።

«አካፋሽስ?» አላት።

«ውስጥ ነው።»

ወደ መስኮቱ አየ፤ ወደ ኋላው ዞሮ የጠረገውን ፈለገ። የት ላይ እንደነበር ለመለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

«እያዩን ነው» አለ።

«ይዩን።»

ኢዋኦ እጀታውን አጥብቆ ያዘ፤ ሊገፋ መስሏት ነበር። ግን ባለበት ቆየ። ቺጉሳ ሄዳ ከጎኑ ቆመች፤ ቀኝ እጁን ከእጀታው ላይ አላቅቃ የደከመውን አንጓ በሁለት መዳፏ ያዘችው። መስመሩ ጠፋ። ቀጥሎ የግቡ ክልል ጠፋ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።