በግራ ወንበር ላይ የሞቱት ካፒቴን

ሥርጉት ልጅ ሳለች መዘዞ ውስጥ ከግድግዳ ወዲያ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሟች ሲያወሩ ሰምታ ነበር። «ከሰሉን ማን አስገባው?» አለች አንደኛዋ። የሌላይቱ መልስ ግማሹ ጠፍቶባታል፤ «እሱስ ይሁን፤ በሩን የዘጋው ማን ነው?» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ሴቶቹ እነማን እንደነበሩ እንኳ አታስታውስም።

ዛሬ ኢንስፔክተር ሆና ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ የበረራ ትምህርት ቤት ውስጥ ቆማ ያ ወሬ ትዝ አላት። ካፒቴን ወልደተንሣኤ ከአሮጌ አውሮፕላን ተቆርጦ ለልምምድ በቆመው የአብራሪዎች ክፍል፣ ኮክፒት ውስጥ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ በግራ ወንበር ላይ ሞተው ተገኝተዋል። ሐኪሙ የገደላቸው የከሰል ጋዝ ነው ብሏል። ደጅ የተገኘው የከሰል ማንደጃ የጥበቃው የጋሽ ወርቅአገኘሁ ስለሆነ ሽማግሌው ከትናንት ጀምሮ ታስረዋል።

«አስገብተውታል?» አለቻቸው።

«ኧረ በእመብርሃን! እስኪቀላ ደጅ ትቼው የግቢውን በር ልከፍት ሄድኩ። ስመለስ የለም። ካፒቴን አስወስደውት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሬሳው ሲገኝ ማንደጃው ደጅ ቦታው ላይ ነው፤ ውሃ ተደፍቶበታል።»

ሥርጉት ጎንበስ አለች። ከግራው ወንበር ሥር የወለሉ ጎማ ክብ ሆኖ ተቃጥሏል።

ትምህርት ቤቱ ለአሰልጣኝነት ፈተና የሚዘጋጁ ሁለት አብራሪዎች ነበሩት፤ ልዑልና ፀደንያ።

«ትናንት ጠዋት እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ አልነበርኩም» አለ ልዑል ቶሎ ብሎ። «ካፒቴን ብቻቸውን መቀመጥ ይወዳሉ።»

ፀደንያ በጎን አየችው። «ከመቼ ወዲህ?»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ምስክር ግን የለኝም።»

ከሰዓት በኋላ ሥርጉት የሟቹን ባለቤት ወይዘሮ እታፈራሁን፣ ጥበቃውንና ሁለቱን አብራሪዎች ኮክፒቱ ዘንድ ሰበሰበችና ራሷ በግራ ወንበር ተቀመጠች።

«ለፈተና ያዘጋጃችሁትን አስተምሩኝ። ፀደንያ፣ ጀምሪ።»

ፀደንያ በቀኝ ገብታ እጇን ወደ አንድ ማንሻ ሰደደች። «የክንፉ መታጠፊያ፣ የፍላፑ ማንሻ ወርዷል። ይሄ ለማረፍ ሲቃረቡ የሚወርድ ነው። የእኔ ትምህርት አውሮፕላን እየተሽከረከረ ሲወድቅ ስለ ማዳን ነው፤ መጀመሪያ ልመልሰው።»

«አትንኪው። ካፒቴን እንዲህ ትተውት ይሄዳሉ?»

«በጭራሽ! ማታ ሁሉንም መልሰው ነው የሚወጡት።»

ተራው የልዑል ሆነ። ማንሻውን አልነካም። «እሺ ኢንስፔክተር፣ አሁን ለማረፍ እየተቃረብን ነው…»

«ይበቃል» አለች ሥርጉት። «አሰልጣኝ በቀኝ፣ ተማሪ በግራ ይቀመጣል። ካፒቴን በግራ የተቀመጡት ተማሪ ሆነው አንዱን ሊያለማምዱ ነው። ፍላፑ የወረደው ጠዋት ነው፤ ትምህርቱም ማረፍ ነበር፤ ያንተ ትምህርት። ማንደጃውን አውጥቶ ውሃ የደፋበት ሰው ደግሞ ሐኪሙ ሳይናገር ምን እንደገደላቸው አውቋል። በሩንስ ማን ዘጋው፣ ልዑል?»

ልዑል እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። «እኔ ነኝ። ካፒቴን በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። ከሰሉ ቀልቶ ነበር፤ ጭስ የለውም ብዬ አስገባሁት። ስልክ ላነጋግር ስወጣ ብርዱ እንዳይገባባቸው ዘጋሁት። ወሬው ረዘመ። ስመለስ…»

«ስለዚህ ጋዝ አደጋም የምታስተምረው አንተ አይደለህ?» ፀደንያ ጮኸች።

«ያጠናሁት ከሞተር ስለሚወጣው ጋዝ ነው። ስለ ማንደጃ አላሰብኩትም።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ነጠላቸውን አጠበቁ። «ሬሳው ሲመጣ የለቅሶው ድንኳን ይሞላል። ሰው ሁሉ ወርቅአገኘሁ ገደለው እያለ ነው። እዚያ እውነቱን አንተ ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?»

«ከተናገርኩ ማንም እንዳስተምር አይፈቅድልኝም፣ እትዬ።»

«አይፈቅድም» አለች ሥርጉት። «ክሱም አይቀርልህም።»

ልዑል የጥበቃውን የታሰሩ እጆች አየ።

«እሺ፤ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ እናገራለሁ። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ግን እጃቸው ይፈታና ከጎኔ ይግቡ።»