የስድስት ሰዓት ተኩል ጥላ

መምህር ደምለው ቅዳሜ ግንቦት 18 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በገዛ መጻሕፍታቸው ስር ሞተው ተገኙ።

መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የጥድ እንጨት ሥራ ነው። በላዩ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት፣ የእንጨት እንቆቅልሾችና ሁለት ማይክሮስኮፖች ተደርድረው ነበር። አሁን ሁሉም ወለሉ ላይ ፈስሷል። ከክምሩ ስር የሚታዩት የመምህሩ ጫማዎችና አንድ እጃቸው ብቻ ናቸው።

ክፍሉ ሞጣ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጥግ ላይ ይገኛል። በወረቀት ላይ ስሙ «የልዩ ተሰጥኦ ልጆች የመርጃ ማዕከል» ነው፤ ሰው ግን «የቅዳሜው ክፍል» ይለዋል። በየቅዳሜው ከሞጣና ከቢቸና የተመረጡ አሥራ ሁለት ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ። በሌላው ቀን ሰባ ሆነው በሚማሩበት ክፍል ሥራቸውን ቀድመው ጨርሰው በመስኮት ውጭ ውጭውን የሚያዩ ልጆች ናቸው። በዚህ ዓመት ከመካከላቸው አንድ ልጅ ተመርጦ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊላክ ነበር። ፈተናው ተሰጥቷል፤ ውጤቱ ሰኞ ሊለጠፍ ነበር።

ኢንስፔክተር ይርጋነሽ ከቢቸና ስትደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ዝናቡ ገና አላባራም። የሞጣው ሳጅን በር ላይ ተቀበላት።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ልጅቱ ከላይ የሆነ ነገር ላወርድ ብላ ተንጠላጠለች፣ መደርደሪያው መጣ፣ እሳቸው ከስር ነበሩ።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«የነጋዴው የአቶ ሐምዱ ልጅ፣ ዘሚራ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የምሳ ደወል ሲደወል ከግቢው ወጥታ ስትሮጥ ዘበኛው አይቷታል። ስንጠይቃት ትንፍሽ አትልም።»

ይርጋነሽ መደርደሪያውን እንዲያነሡት አዘዘች። መደርደሪያው ሲነሳ ተንበርክካ አየች። የመምህሩ ራስ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል፤ ከራሳቸው ስር ያለው ወለል ግን ደም የነካው አይመስልም። ተነሥታ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደች። ከሬሳው አራት እርምጃ ይርቃል። ከወንበሩ ኋላ ሲሚንቶው ላይ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ቦታ ብቻውን ነጥቷል። ከሰሌዳው ስር ዳስተሩን አነሣችው። ከባድና እርጥብ ነበር፤ ገለበጠችው፤ ከጠመኔው ነጭ መካከል ቡናማ ነገር ወጣ።

የቋንቋ መምህርቷ አየሁሽ በር ላይ ቆማለች። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ዳስተሩን በውኃ ታጥቡታላችሁ?»

«ኧረ የለም፤ ግድግዳ ላይ እናራግፈዋለን። ውኃ ከነካውማ ሰሌዳውን ጭቃ ያደርገዋል።»

ይርጋነሽ ወደ ሳጅኑ ዞረች። «መምህሩ የተመቱት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነው። የመታቸው ሰው ደሙን ጠርጎ፣ ጎትቶ እዚህ ካስተኛቸው በኋላ መደርደሪያውን ጣለባቸው። ይህ የደነገጠች ልጅ ሥራ ነው?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ የነጣውን ቦታ አየ።

በማግስቱ እሑድ መምህር ደምለው ተቀበሩ። ከቀብር መልስ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ ይርጋነሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። አቶ ሐምዱና ዘበኛው ጋሽ ሰማው ከድንጋይ አጥሩ በስተደቡብ፣ ስንዝር በማትሞላ ጥላ ውስጥ ጀርባቸውን ለጥፈው ተቀምጠዋል። ከአጥሩ ወዲህ፣ በሰሜን በኩል፣ ፀሐይዋ ድንጋዩን ታነደዋለች።

አቶ ሐምዱ ተነሡ። «ነገ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ‹ልጅቱ ባደረሰችው አደጋ› ብሎ ሊጽፍ ነው ብለውኛል።»

«ማን አለዎት?»

«ከተማው። ገበያ ላይ ዛሬውኑ ‹ያቺ ገዳይ› እያሏት ነው። እንግዲህ ላስቀራት ነው፣ እህቴ። ከቅዳሜው ብቻ አይደለም፣ ከነጭራሹ። በየትኛው መንገድ ትሂድ? ማን አጠገቧ ይቀመጣል?»

«እስከ ነገ ከሰዓት ይታገሡኝ።»

«እስከ ነገ ብቻ» አሉ አቶ ሐምዱ።

ጋሽ ሰማውን ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። ደወል አድርገው የሚመቱት የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ አሳዩዋት።

«ስድስት ተኩል ላይ ደወልኩ፤ ልጅቱ በዚህ አለፈች። እየሮጠች ነው።»

«መደርደሪያው ሲወድቅ አልሰሙም?»

«ይህን ቸርኬ ስመታ ጆሮዬን የምይዝበት ሦስተኛ እጅ የለኝም፣ ልጄ። ቤት ቢፈርስ አልሰማም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለልጆቹ ብዬ ረዘም አድርጌ ነው የምመታው። ይህን የማያውቅ አስተማሪ የለም።»

አየሁሽ ከመጠየቋ በፊት ተናገረች። «ከመምህር ደምለው ጋር ጠብ ነበረን፤ አልደብቅዎትም። አሥራ ሁለት ልጅ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ የቀረው ስምንት መቶ ልጅ የማይክሮስኮፕ ሥዕል እንኳ አላየም። በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ።»

«ቅዳሜ ስድስት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«ከፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከአሥራ አንዱ ልጆች ጋር። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አልወጣሁም። ዘሚራን ብቻ ስድስት ሰዓት ላይ መምህር ደምለው አስጠሯት። ልጆቹን ይጠይቋቸው፤ እነሱ እንኳን የእኔን መውጣት፣ ስንት ጊዜ እንዳስነጠስኩም ቆጥረዋል።»

ልጆቹ ተጠየቁ። አልወጣችም፤ ሁለት ጊዜ አስነጥሳለች።

የሳይንስ መምህሩ መንግስቴ ትሑት ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ልጁን ሳባን ለብቻው አሳድጓል፤ እሷም ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ናት። ለይርጋነሽ ወንበሩን ለቀቀላትና አንድ ወረቀት ከደብተሩ አውጥቶ ሰጣት።

«ከአጥሩ ማዶ ሜዳው ላይ ነበርኩ። አንድ ሜትር ዘንግ ተክዬ ጥላውን እለካለሁ። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ በየአምስት ደቂቃው። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ በግራፍ እንዲያወጡት ነበር።»

ወረቀቱ ላይ አሥራ ሦስት መስመር በንጹሕ ጽሕፈት ሰፍሯል። ሰዓቱ፣ ርዝመቱ፣ አቅጣጫው። «6፡25፣ 54 ሳንቲ ሜትር፣ ሰሜን። 6፡30፣ 53 ሳንቲ ሜትር፣ ሰሜን።»

«በመካከሉ ወዲህ አልመጡም?»

«በአምስት ደቂቃ? ሜዳው ደርሶ መልስ ብቻ አራት ደቂቃ ይፈጃል። አንዱን መስመር ባሳልፍ ግራፉ ይበላሻል።»

«ዝናቡስ?»

«ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ደመናው ሸፈነ። ዕድለኛ ነበርኩ፤ ጨርሻለሁ።»

«የልኬቱን ሐሳብ ከየት አመጡት?»

«ከእርዳታ መጽሐፉ። ጎበዝ መጽሐፍ ነው።» ከመደርደሪያው ክምር ፈልጎ አሳያት። ሥዕሉ ላይ ወፍራም ካፖርትና የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ ልጆች ዘንግ ከበው ቆመዋል። ከዘንጉ ስር ጥቁር ቀስት ተስሏል፤ ከጎኑም የርዝመት ሠንጠረዥ አለ።

ይርጋነሽ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዘሚራን ቤቷ ሄዳ አገኘቻት። ልጅቱ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳ ግድግዳ ታያለች።

«ቲቸር ደምለው የጠሩሽ ለምን ነበር?»

ዘሚራ ጉልበቷን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈች።

«ተቆጥተውሽ ነበር?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ይርጋነሽ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ለማንም እንዳትናገሪ ብለው ቃል አስገብተውሻል?»

የልጅቱ ዓይን እንባ ሞላ። «እስከ ሰኞ ድረስ ነው ያሉኝ።»

«እሳቸው አሁን የሉም እኮ፣ ዘሚራዬ።»

«ቃሉ ግን አለ።»

አቶ ሐምዱ ከበሩ ጥግ ወደ ልጃቸው ቀረቡ። «ተናገሪ፣ ልጄ። በእኔ ይሁን።»

ተናገረች። መምህሩ አሥራ ሁለተኛውን የፈተና ጥያቄ ፊታቸው እንደገና አሠሯት። እንደ ፈተናው ዕለት አድርጋ ሠራችው። ሳቁና «አዲስ አበባ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ እስከ ሰኞ ግን ለማንም አትንገሪ፣ የማስተካክለው ነገር አለ» አሏት። ከክፍሉ ወጥታ ግቢው ውስጥ ደወሉን ጠበቀች፤ ሲደወል ከደስታዋ ብዛት ወደ ቤቷ ሮጠች። ቤት ስትደርስ ግን ቃሏ ትዝ አላትና ለአባቷም ሳትነግር ቀረች።

«ስትወጪ ማንን አየሽ?»

«ቲቸር መንግስቴን። በኋላ በር በኩል ቆመው ነበር። ደወሉ ገና አልተደወለም።»

ሰኞ ይርጋነሽ ሁሉንም በቅዳሜው ክፍል ሰበሰበች። ሰዓቱ ስድስት ከሩብ ነበር። አቶ ሐምዱ ዘሚራን አጠገባቸው አስቀምጠዋል። አየሁሽ፣ ጋሽ ሰማው፣ መንግስቴ፣ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣ አንድ ኃላፊና ሳጅኑ ተቀምጠዋል።

«መምህር ደምለው በአደጋ አልሞቱም» አለች ይርጋነሽ። «ደማቸው ከወንበራቸው ኋላ ተጠርጓል። ጠራጊው ጊዜ ነበረው። መደርደሪያውን ደግሞ ጋሽ ሰማው ደወል እስኪመቱ ጠብቆ ነው የጣለው። እንግዲህ የደወሉን ልማድ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ልጅቱ አታውቅም?» አለ ኃላፊው።

«ደወሉ ሲመታ ልጅቱ ጋሽ ሰማው ፊት ነበረች። ሩጫዋን ያዩት እየደወሉ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መሆን አትችልም። ጋሽ ሰማውም ቸርኬውን እየመቱ ነበር። አየሁሽን አሥራ አንድ ልጅ ይመሰክርላታል። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ከነበሩት የቀረው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ወረቀት አለው።»

ሁሉም ወደ መንግስቴ ዞሩ። መንግስቴ ፈገግ አለ፤ እንደ ተሰደበ ሰው።

«አለኝ። ሰጥቼዎታለሁ።»

«እስቲ ሰሌዳው ላይ ይሳሉልን። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ያዩትን።»

መንግስቴ ጠመኔ አነሣ። ዘንጉን ሳለ፤ በላይ በኩል «ሰ»፣ በታች በኩል «ደ» ብሎ ጻፈ። ከዘንጉ ስር ወደ ላይ መስመር አወጣ።

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«በእጄ ለክቻለሁ።»

«እንውጣ» አለች ይርጋነሽ።

ሜዳው ላይ ያው ዘንግ ተተክሏል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከበው ቆሙ። ጋሽ ሰማው ቆባቸውን አወለቁ።

የዘንጉ ጥላ አጭር ነበረች፤ ከስንዝር ትንሽ ታንሳለች። የምታመለክተውም ወደ ደቡብ ነበር።

«አባቴ መሪጌታ ነበሩ» አለች ይርጋነሽ። «የጾም ሰዓት ሲደርስ ጥላቸውን በጫማ የምለካላቸው እኔ ነበርኩ። በእኛ አገር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን በስተሰሜን ታልፋለች፤ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ትላንትና እንኳ እነ ጋሽ ሰማው ያቺን ጥላ ያገኟት ከአጥሩ በስተደቡብ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ዓመቱን ሙሉ ጥላቸው ወደ ሰሜን ለሚወድቅ ልጆች ነው። ቅዳሜ በዚያ ሰዓት እዚህ የቆመ ሰው ‹ሰሜን› ብሎ ሊጽፍ አይችልም። መምህር መንግስቴ ከክፍሉ ወደ ሜዳው ሲመለሱ ደመናው ሸፍኖ ነበር። አሥራ ሦስቱንም መስመር ከመጽሐፉ ነው የሞሉት።»

መንግስቴ ጥላውን ያያል። አሥራ ሰባት ዓመት ሳይንስ ያስተማረበት ሜዳ ነው።

«ምክንያቱስ?» አለ ኃላፊው ዝግ ባለ ድምፅ።

«የፈተናው መልስ የተቀመጠበት መሳቢያ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ መምህር ደምለውና መምህር መንግስቴ። ቤታቸው ባገኘነው ማስታወሻ እንደጻፉት፣ መምህር ደምለው ጥርጣሬ ስለገባቸው የአሥራ ሁለተኛውን መልስ ሆን ብለው አሳስተው ጻፉት። አንድ ልጅ ያንኑ የተሳሳተ መልስ ያለ ምንም ስሌት ጻፈች።»

«ስሟን አይጥሩ» አለ መንግስቴ።

«አልጠራም።»

ቁጭ አለ፤ ሣሩ ላይ። «ሌባ ብሎ ሊለጥፋት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ የነጋዴውን ልጅ ‹አንቺ ነሽ› ሲላት ሰማሁ። እሷ ስትወጣ ገባሁና ለመንኩት። ‹የማስተካክለውን እያስተካከልኩ ነው› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ወደ ጽሑፉ ዞረ። ማይክሮስኮፑ አጠገቤ ነበር።»

ይርጋነሽ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ይህ ትላንት ቤታቸው የተገኘ ረቂቅ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ የጻፉት። ዘሚራ ሐምዱ ትሂድ ይላል። ሁለተኛው መስመር እንዲህ ይላል፤ ‹ሳባ መንግስቴ በፈተናው ዕለት ስላመማት ወረቀቷ አይያዝ፤ ለሚመጣው ዓመት እንደገና ትፈተን።› ሲያስተካክሉ የነበሩት ይህን ነው።»

መንግስቴ ወረቀቱን ለማየት እጁን አልዘረጋም። ሳጅኑ ብብቱን ይዞ አነሣው።

አቶ ሐምዱ የልጃቸውን ነጠላ ጫፍ አስተካከሉላት። «ነገ በሰዓትሽ ትሄጃለሽ» አሏት። ዘሚራ አባቷን ሳይሆን ሳጅኑ የሚወስደውን ሰው ታይ ነበር።

«ሳባስ?» አለች።

አየሁሽ ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ ሰማው መሬት መሬት አዩ። ስለዚህ ይርጋነሽ ራሷ ሄደች።

ሳባ ከፊት ለፊቱ ክፍል ብቻዋን ነበረች። ዴስኩ ላይ ስድስት የእንጨት ቁርጥራጮች ተቆላልፈው አንድ መስቀል ሠርተዋል። ልጅቱ ቀና ብላ የይርጋነሽን የፖሊስ ዩኒፎርም አየች፣ ከዚያም ቁርጥራጮቹን በሁለት እጇ ከለለቻቸው።

«ይህን ማንም አላሳየኝም» አለች። «ጠዋት ነው የጀመርኩት። ራሴ ነኝ።»

ይርጋነሽ ዴስኩን ዞራ አጠገቧ ተቀመጠች።