ያልሰፋችው መስመር

የስፌት ማሰልጠኛው ባለቤት መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ሞታ የተገኘችው በምሳ ሰዓት ነበር። ራሷን የመታት ከባድ ካውያ ተወልውሎ ቦታው ተመልሷል። በጭብጧ ውስጥ አንድ ጨርቅ ነበር።

በምሳ ሰዓት በሩ ስለሚቆለፍ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ መዝጋቢው የሟች ታናሽ ወንድም፣ ሟች ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ እንደ ልጇ ያሳደገቻት የስፌት አስተማሪ፣ ሥልጠናውን ያቋረጠች አንዲት የልጆች እናት። ፖሊሶቹ ብዙ አልተጨነቁም፤ እናትየዋን በካቴና አስረው ጠበቁ። ደሃ ካለ ምርመራ ለምኔ ያሉ ይመስላሉ።

መርማሪው ደረሰ። አካሄዱን ያዩ ባልደረቦቹ «ጋሽ ቀስ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ለማስተባበል ቸኩሎ አያውቅም።

እናትየዋ ልጇ ታሞባት በዘጠነኛው ቀን ማቋረጧን በጽሑፍ አስታውቃ ነበር። ውሉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ላቋረጠ ያልተማረበት ክፍያ እንደሚመለስለት ይናገራል። ስትጠይቅ ግን እስከ አምስተኛው ሳምንት ተምረሻል ተባለች።

«ሌባ ብያታለሁ፣ አልክድም» አለች። «ዛሬ ግን ራሷ ናት የጠራችኝ። ጨርቅሽን ላሳይሽ አለችኝ። ኮሪደር ላይ ስጠብቅ የሚወድቅ ነገር ሰማሁ። ልጆቼ ማንም የላቸውም፣ ጌታዬ።»

ጨርቁ ምን እንደሆነ ያስረዳው ወንድምየው ነው። በዚህ ቤት ተገኝቻለሁ ብሎ መፈረም የለም፤ ሰልጣኝ ሁሉ በየቀኑ በራሱ ጨርቅ ላይ አንድ መስመር ይሰፋል። እህቱ «ፊርማ ይዋሻል፣ ስፌት አይዋሽም» ትል ነበር። የአስተማሪዋም ደሞዝ የሚታሰበው በነዚሁ መስመሮች ነው።

ጋሽ ቀስ ጨርቁን ዘረጋ። ሃያ አምስት መስመር፣ ሁሉም ጠማማ። የየአንዳንዱን ጫፍ በጥፍሩ ሳብ ሳብ አደረገ። ከዚያ አስተማሪዋን፣ ለጀማሪዎች የስፌቱን ጫፍ ማሰር መቼ እንደምታስተምር ጠየቃት። በሁለተኛው ወር ነው አለችው፣ እንባዋን እየጠረገች።

ሦስቱንም በማሽኖቹ መሃል ሰበሰባቸው።

«የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ መስመሮች ስስባቸው ተተረተሩ» አለ። «ጀማሪ ጫፉን ማሰር አያውቅም። አሥራ ስድስቱ ግን አልተተረተሩም። የሰፋቸው ሰው የጀማሪ ለማስመሰል አጣሟቸዋል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን እጁ እንደለመደው ማሽኑን ወደ ኋላ መልሶ አሰረው። ይህች እናት ይህን አልተማረችም። ወንድምየው መርፌ ይዞ አያውቅም። ሟች ራሷ ሰፍታው ቢሆን ደግሞ ጨርቁን ላሳይሽ ብላ አትጠራትም።»

ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ወደ አስተማሪዋ ዞረ።

ወንድምየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ። ልጅቷን በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እሱም ነበር።

አስተማሪዋ ብዙ አልተከራከረችም። ያቋረጡ የአሥራ አንድ ሰዎች ጨርቅ ላይ ሰፍታለች። «ደረሰችብኝ» አለች። «እቺን ሴትዮ ጠርታ ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነበር። ከዚያ ለፖሊስ ልትሰጠኝ።»

ጋሽ ቀስ ከሟች መሳቢያ ያገኘውን ደብዳቤ አቀበላት። የተጻፈው በዚያው ጠዋት ለእናትየዋ ነው፦ «ያልተማርሽበት ክፍያ ይመለስልሻል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ በሌላ ሰው አትቀየሚ።»

የአስተማሪዋ ስም የትም የለም። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሦስተኛውን አልቻለችም።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለች።

የእናትየዋ ካቴና እየተፈታ ነበር። ወንድምየው ቀና ብሎ አስተማሪዋን አያት።

«ልትነግርሽ ነበር፣ ልጄ» አለ። «አላስጨረስሻትም።»