ውሃ ያልነካው መዳፍ

ስለ ጥላ፣ ስለ መንፈስ፣ ስለ ምናምን ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ክፍላችን ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ የምታመጣ ልጅ ካለች «ማስረጃሽስ?» ብዬ አፏን የማስይዛት እኔው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ስታነቡ «ይቺም ጀመራት» እንደምትሉ አውቃለሁ፣ በሉ፣ ግድ የለም፣ ብቻ ሳትጨርሱ አትተዉኝ። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ገና ዘንድሮ ነው፣ እንዴት ደስ እንደሚል ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ የመጀመሪያ ጽሑፌ ይህ እንዲሆን ግን አልፈለግሁም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል በፊዚክስ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣ ሰው ነው። አባታችን እዚሁ እንጅባራ ቀርከሃ ሠሪ ነው፣ ወንበርም መደርደሪያም ይሠራል፣ ቀርከሃ ደግሞ ክፉ አመል አለው፣ ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስል ሙጫም ቫርኒሽም አይቀበልም። ይበልጣል ለዚህ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ ቀዝቃዛ ፕላዝማ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ሁለት ብረት ፊት ለፊት ያቆምና መሐላቸው መስታወት ያስገባል፣ ከአሮጌ የማስታወቂያ መብራት የወጣ ትራንስፎርመር ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲልክበት መሐል ያለው አየር ሐምራዊ ሆኖ ያበራል፣ እሳት ይመስላል ግን አያቃጥልም፣ ቀርከሃው ሳይግል ቆዳው ብቻ ይለወጣል። መፈተኛው ውሃ ነው፣ እንዲሁ ባለ ቀርከሃ ላይ ውሃ ጠብ ቢል እንደ ዶቃ ይንከባለላል፣ ፕላዝማ ባገኘው ላይ ግን ተዘርግቶ ይሰራጫል፣ ውሃ የተቀበለ ደግሞ ሙጫም ይቀበላል።

የቀርከሃ ሠሪዎች ማኅበር አንድ መጋዘን አውሶት ነበር። ሰኞ ጠዋት የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሙሉ ሥራውን ሊያዩ ነው፣ ካልጣማቸው መጋዘኑን ይለቃል፣ በቃ፣ ሌላ መሄጃ የለውም።

እሑድ ከሰዓት ነው፣ ነሐሴ ነው፣ ለወንበር መደገፊያ የሚሆኑ ሦስት የቀርከሃ ሰሌዳዎች አዘጋጅተናል፣ ረዳቱ እኔ ነኝ። ሕጉ አንድ ነው፣ ሰሌዳው በአልኮል ከተጠረገ በኋላ እጅ አይነካውም፣ የጣት ቅባት ያረፈበትን ቦታ ፕላዝማው ዘሎት ያልፋል። እኛ አገር ደግሞ ቀርከሃ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በመዳፉ መዳበስ ነው፣ አባቴ ሳይዳብስ ገዝቶም ሸጦም አያውቅም። በዚያ ላይ እናቴ ቅዳሜ አናቴ ላይ ቅቤ ጭናብኛለች።

«ቅቤ ቅቤ እየሸተትሽ ነው ላብራቶሪ የምትገቢው?» አለኝ ይበልጣል።

«ላብራቶሪ! መጋዘን አትልም ይቤ?»

«ጓንትሽን አውልቂና ጉድሽ ይፈላል።»

አላወለቅሁም። እመኑኝ፣ ያን ቀን ደቂቃ በደቂቃ በሐሳቤ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፣ አላወለቅሁም።

ሰሌዳዎቹን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ አስገባን፣ ማሽኑ ሽሽሽ አለ፣ መብረቅ በወደቀበት ሰፈር የሚሸተው ዓይነት ሽታ መጋዘኑን ሞላው፣ ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። የመብራት መጥፋት ለእኛ ምን ይደንቃል፣ ሐምራዊው ብርሃንም አብሮ ጠፋ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። ሽሽ… ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሽሽ… ደረቅ መዳፍ ቀርከሃ ሲዳብስ የሚያወጣው ድምፅ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው።

«ይሰማሃል?»

«ዝናቡ ነው።»

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። እሱም ያውቃል፣ ምክንያቱም ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ሲያይ አይቼዋለሁ።

ድምፁ ሲያቆም ሰሌዳዎቹን በር ላይ አውጥቶ ውሃ ረጨባቸው። አንደኛው ላይ ውሃው ተንጣለለ፣ ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ፣ ሦስተኛው ላይ ግን እየተሰራጨ መጥቶ መሐል ሲደርስ ቆመ፣ ዞረ፣ ደረቅ ቦታ ትቶ ከበበው። አምስት ጣት ከነመዳፉ።

«እጅሽን አምጪ» አለኝ። ጓንቱን አውልቄ ሳልነካ ከላይ ዘረጋሁት። ልክክ! ትንሿ ጣቴ በልጅነቴ በር ተዘግቶባት ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለች ናት፣ የሰሌዳውም ትንሽ ጣት እንደዚያው ጎብጣለች።

«ማርያምን አልነካሁም!»

«ማርያምን እዚህ አታስገቢያት። የእጅሽን ቅርፅ እያየሽ ትዋሺኛለሽ?»

ሌላ ሰሌዳ ለማዘጋጀት መብራት አልመጣልንም፣ ሰኞ ጋሽ ሙሉ ያንኑ አዩት።

«ይሄስ ምንድን ነው ልጄ?»

«እህቴ ናት ጋሼ፣ ልጅ ናት፣ ጠጉሯን በነካካችበት እጇ ነክታው ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አይ ቅቤ! ሳይንሱንም አሸነፈው በለኛ!» አሉና ሳቁ፣ አብረዋቸው የመጡት ሁሉ ሳቁ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በወረቀት አሰፈሩት፣ ይበልጣል ሥራውን ይቀጥል፣ ጉድለቱ የረዳት እህቱ የትርንጎ ነው፣ ከእንግዲህ መጋዘኑ አትግባ። ይበልጣል ፈረመ። አባቴ የዚያን ቀን እጄን ይዞ አገላብጦ አየውና ለቀቀው፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርት እስኪከፈት ዳንግላ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። በሦስተኛው ሳምንት ይበልጣል ሳይጠራ መጣ፣ አክስቴ ገበያ ነበረች፣ ቁጭ ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ፎቶው ላይ አዲስ ሰሌዳ አለ፣ ርሷል፣ መሐሉ ላይ እጄ ደርቆ ይታያል፣ ከነጎባጣዋ ጣት። ቀጣዩ ፎቶ ላይ ሁለቱም እጆቼ ናቸው፣ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን፣ ጣቶቹ ወደ ላይ፣ የተዘጋ በር እንደሚገፋ ሰው።

«መቼ ነው ይሄ?»

«አንቺ እዚህ ከመጣሽ በኋላ። ቁልፉ ከእኔ በቀር ማንም ጋ የለም።»

አትፍረዱብኝ፣ ከፍርሃቴ ይልቅ ደስታዬ ቀደመ። «እንግዲያው እኔ አይደለሁማ! ለጋሽ ሙሉ ንገራቸው፣ ስሜን ከወረቀቱ ያውጡልኝ!»

ይበልጣል ስልኩን መልሶ ወሰደና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየሁት አጠፋቸው።

«ባንቺ ቦታ ማንን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ስሜ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው። ይበልጣል ሰሌዳ በውሃ መፈተን ትቷል፣ ከማሽኑ እንዳወጣ ሳያይ ቫርኒሽ ይለቀልቅበታል፣ ወንበሮቹም ጥሩ ገበያ አግኝተዋል፣ በየቤቱ ገብተዋል፣ ሰውም ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጥባቸዋል።