በጓሮ በኩል የተከፈተው በር

ዴልማ የእናቷን ቁስል ካጠበች አራት ቀን ሆኗታል። ለስኳር በሽተኛ እግር አራት ቀን ብዙ ነው። የከተማው ሐኪም «በየቀኑ ካልታጠበ እንቆርጠዋለን» ብሏል።

በቀዩ አሸዋ መካከል ያለውን ክሊኒክ ያቋቋሙት የመንደሩ አቦርጂኖች፣ የአገሩ ነባር ሰዎች፣ ራሳቸው ናቸው። ነርሷ ዴልማ የእነሱው ልጅ ናት፤ ሾፌሩ ክሊፍተንም እንዲሁ። ራቅ ብለው የሚኖሩትን ሕመምተኞች ጠዋት ጠዋት እየዞረ የሚያመጣው እሱ ነው። ሰሞኑን ግን ሁሉንም ሲያመጣ እናቷን ጉዌንዳን ብቻ ይተዋታል።

መኪናው አጠገብ ያዘችው።

«እናቴ ምን አድርጋህ ነው?»

ክሊፍተን ጎማውን ማየት ጀመረ። «ምንም። ሌላ ሰው ያምጣት።»

«ሌላ ሾፌር ከየት ላምጣ? ከሰማይ?»

ይህ ሰው የዳነ ጣቱን «እንደገና እሰሪልኝ» እያለ ስንት ጊዜ መጥቷል! ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እሷስ ስንት ፋሻ አባክናለች! አሁን ግን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እግሯ ከተቆረጠ አልምርህም!» ቁልፉን ከእጁ ነጥቃ ሄደች።

ጉዌንዳ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀቻት። የልጇን ቁጣ እስኪያልቅ ሰማችና ሳቀች።

«ሰኞ መጥቶ ነበር እኮ። ገና ሲያየኝ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔም ስለገባኝ ተከናንቤ ቤት ገባሁ። አንቺ የተማርሽው፣ በእኛ ዘንድ ወንድ ፊቱን የሚያዞረው ለማን ነው?»

«ለአማቱ...» ዴልማ ደንግጣ ቆመች። አማትና አማች አይተያዩም፣ አይነጋገሩም፣ አንድ መኪና ውስጥም አይቀመጡም። ወጉን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ለእሷ ይደረጋል ብላ ግን አላሰበችም።

«ለእኔ ምንም ሳይነግረኝ?»

«አንቺን ፈራ። እኔን ግን አከበረ። በነገዱም አንቺን ለማግባት የሚፈቀድለት ነው። እግሬ ከሆነ ይቆረጥ፤ ወጉን አላፈርስም።»

«እግርሽም አይቆረጥም፣ ወጉም አይፈርስም» አለች ዴልማ እናቷን ደግፋ ወደ መኪናው እየወሰደች።

በማግስቱ የክሊኒኩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሰብሳቢዋ አክስቷ ኖርሊን ናት።

«ልጄ፣ ሾፌር እንቀይር ወይስ እናትሽ ከተማ ትታከም?»

«ሁለቱም አይሆንም። እናቴን እኔው አመጣታለሁ። ግን በሩ አንድ ነው፤ ክሊፍተንም ሕመምተኛ ደግፎ የሚገባው በዚያው ነው። ከአማቱ ጋር ላለመገናኘት ስንቱ ሕመሙን ይዞ ቤቱ ተቀምጧል? ክሊኒኩን የራሳችን ያደረግነው በሰው ደንብ ልንታከምበት ነው? በጓሮ በኩል በር ይከፈት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንገታቸውንም ነቀነቁ።

«ግድግዳውን ማን ይበሳል?» አለች ኖርሊን።

ከኋላ የክሊፍተን እጅ ተነሳ።

በሳምንቱ ጉዌንዳ ውሻዋን አስከትላ በአዲሱ በር ገባች። ፈጣሪ ይመስገን፣ ቁስሉ ቀይ ሥጋ ማውጣት ጀምሯል። ከግድግዳው ማዶ ክሊፍተን የመደርደሪያ ምስማር ይመታል።

«አንተ ውሻ» አለች ጉዌንዳ ወደ ውሻዋ ዞራ፣ ማዶ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «ያ ሰውዬ ልጄን በዓይኑ ብቻ ጠብቆ ሊያስረጃት ነው ወይ?»

መዶሻው ዝም አለ።

«ዴልማ፣» አለ ክሊፍተን ከማዶ፣ «ውሻው የተባለውን ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እና... ታገቢኛለሽ?»

ዴልማ ጨርቁን እንደያዘች ከእናቷ እግር ላይ ቀና አላለችም።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይኼን አጥቤ ልጨርስ» አለች። «ከዚያ አዎ።»