የጎደለችው ገል

ሟች በአበባ መስታወት ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ገዳዩ አበባ በተተከለበት ትልቅ ሰማያዊ የሸክላ ማሰሮ አናቱን ከፈለጠው በኋላም አልበቃው ብሎ፣ በስባሪው ጉሮሮውን ደጋግሞ ወግቶታል። ደሙ መስታወቱ ላይ ተረጭቶ ደርቋል። በግብግቡ የተገለበጡ ሦስት አበቦች ሥራቸው ፀሐይ መትቶት ጠውልገዋል።

ፖሊሶቹ አትክልተኛውን እጁ ላይ ደም ስላገኙ በካቴና ጠፍረውታል። «ጋሼን ላነሳ ብዬ ነው የነካሁት» ቢል ማን ይስማው። መርማሪዋ ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችና በርከክ ብላ ገሎቹን መልቀም ጀመረች። ሰማያዊውን ማሰሮ ገጣጥማ ስትጨርስ መዳፍ የምታክል አንዲት ገል ጎደለች። አፈሩም አለ። በውስጡ የነበረው አበባ ግን የለም።

«እዚህ ውስጥ ምን ተተክሎ ነበር?» ስትል ሚስቲቱን ጠየቀቻት።

«ምኑን አውቄው! አበባ ያስነጥሰኛል። ከቅጠል ጋር የሚያወሩት እሱና እህቱ ናቸው።»

እህትየው በግቢው ጥግ ባለችው ክፍሏ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «መስታወት ቤት ከገባሁ ቆየሁ፤ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን ነበር» አለች። መርማሪዋ እየሰማቻት ዓይኗን በጣሳ ተተክለው መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት አበቦች አልነቀለችም። ከዚያ ሁሉንም እዚያው አስጠራቻቸው።

«ገዳዩ አንዲት አበባ ይዞ ሄዷል» ብላ ጀመረች። «ሚስትየው አንድም አያነሱም። አትክልተኛው ቢሆን ደግሞ ሦስቱን መሬት ላይ ጥሎ አይሄድም። የወሰደው ሰው የሚሳሳው ለአንዷ ብቻ ነው።»

ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «አበባ ወደ ብርሃን ያዘነብላል። እነዚህ ሁሉ ወደ ውጭ ያያሉ፤ ይህች ቀይዋ ብቻ ወደ አልጋው ዞራለች። ገና መምጣቷ ነው።»

«ጎረቤት ናት የሰጠችኝ» አለች እህትየው።

«ይሁን። ሲተክሉ አፈሩ በጣሳው ቀዳዳ እንዳይፈስ ምን ያደርጉበታል?»

«ገል» አለች እህትየው። ካለች በኋላ ነው የደነገጠችው።

መርማሪዋ ጣሳውን ገለበጠችው። ከእርጥቡ አፈር ጋር ሰማያዊ ገል ወደቀች፤ ጠርዟ ላይ ደምና የጢም ፀጉር ተጣብቆባታል። «የወጉበትን ገል እንደያዙ መጡ፤ እጅዎ የለመደውን ሠራ» አለቻት።

እህትየው ማልቀሷን አቆመች። «እናታችን የተከለቻት ናት። አሮጌ ግንድ ብሎ እየሳቀ አንድ ቅርንጫፍ እስኪቀራት በመቀስ ቆራረጣት። ሥሯን ሊነቅል ሲል መታሁት፤ ከዚያ እጄ አልቆም አለኝ።»

ካቴናው ከአትክልተኛው እጅ ወደ እሷ ተሻገረ። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ አትክልተኛው ዞር አለች። «አደራህን፣ ሥሯ ሳይደርቅ አፈር አልብሳት።»

አትክልተኛው ካቴናው የላጠውን የእጅ አንጓውን እያሻሸ አያት። «እኔን ሲያስሩኝ በመስኮቱ ያዩ ነበር፣ እትዬ» አላት።

ቀይዋን አበባ ተራምዷት ወጣና ሦስቱን ሊያነሳ ወደ መስታወት ቤቱ ሄደ።