የጭልፊት መነጽር

«ይኼኛውስ? አፉ ወዴት ነው የዞረው?»

የዓይን ሐኪሟ በቀጭን ዘንግ አራተኛውን መስመር ነካ አደረገች። ግድግዳው ላይ ሹካ የሚመስሉ ጥቁር ምልክቶች ተደርድረዋል። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ተከፍቷል። ሐኪሟ የምትለው እንዲህ ነው። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ከሁለተኛው መስመር በታች ያለው ሁሉ ዝናብ የመታው ቀለም ነው።

«ወደ ቀኝ» አለች ፈጠን ብላ።

«ቀጣዩ?»

«ወደ ላይ።»

«ቀጣዩ?»

«እ… ወደ ቀኝ።»

ሐኪሟ ዘንጓን አስቀምጣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ስሚኝ የኔ ልጅ፤ ያሉት አራት አቅጣጫዎች ብቻ ስለሆኑ ዓይንሽን ጨፍነሽም ብትገምቺ አልፎ አልፎ ታገኚዋለሽ። እኔ ግን ግምትሽን አይደለም የምፈልገው። እዚህ ክፍል ውስጥ ‹አይታየኝም› ማለትም ትክክለኛ መልስ ነው።»

ልጅቷ ክው አለች። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው አባቷ ለመዞር አልደፈረችም።

አባቷ አናጺ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ፈቃዱን ኪሱ ከትቶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ የሰፈሩን የድንች ማሳ የሚገለብጡትን የዱር አሳማዎች ለማደን ኮረብታ ይወጣል። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አብራው ነች። ከኮረብታው አናት ላይ ሆና፣ ጫካው ጠርዝ ላይ አንዲት ጆሮ ስትነቃነቅ ማንም ሳያይ የምታይ ልጅ ስለነበረች ሰዉ ሁሉ «ጭልፊት» ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚጠራት የክፍል አለቃው ብቻ ነው፤ እሱም ስም ሲመዘግብ። ባለፈው ዓመት የአባቷ የሩቅ ማያ ባይናኩላር ከድንጋይ ላይ ወድቆ ሲሰበር «ጭልፊት እያለችልኝ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሌላ ሳይፈልግ ቀረ። ያን ቀን ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር።

ክፋቱ፣ ከዚያ ወዲህ የጭልፊት ዓይን ቀስ በቀስ እየከዳት መምጣቱ ነው። የክፍሉ ሰሌዳ ሲደበዝዝባት ከጎረቤቷ ደብተር መገልበጥ ጀመረች። ከሩቅ እጁን ያነሣላትን ሁሉ ማንነቱን ሳታውቅ በፈገግታ ሰላም ትላለች፤ እንዲያውም «እንዴት ሰው አክባሪ ሆናለች!» ተብላ ተመስግናበታለች። ይኼ ሁሉ ያስቃል። ኮረብታው ላይ ያደረገችው ግን አያስቅም።

አባቷ ንቅንቅ የማይል ሕግ አለው። ጠመንጃው ላይ የተገጠመው መነጽር ለማነጣጠር እንጂ ለመፈለግ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ወዳልታወቀ ነገር አፈሙዝ አይዞርም። ስለዚህ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። «ስንት እግር?» ይላታል። አራቱንም እግር ለይታ «አራት» ካላለች ጠመንጃው ከጉልበቱ አይነሣም።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ከማሳው ማዶ አንድ ቡናማ ነገር ጎንበስ ብሎ ሲንቀሳቀስ አየች። ቡናማ መሆኑን እንጂ ሌላውን አላየችም።

«ስንት እግር?»

«አራት!»

«ቆጥረሻል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

አባቷ ጠመንጃውን አነሣ። ጣቱን ቃታው ላይ ሳያሳርፍ በመነጽሩ አየ። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አዙሮ ጥይቱን አወጣና እዚያው ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ማዶ ያለው ቡናማ ነገር ቀና ብሎ ወገቡን ያዘ። ጎረቤታቸው ንብ አርቢው ነበር፤ ጆንያ አዝሎ ጭራሮ እየለቀመ።

«ለዛሬ ይበቃናል» አለ አባቷ። በማግሥቱ ደግሞ «ዓይንሽን እናስመርምር» አላት፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አልተቆጣም፤ አልጠየቃትም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ዓይኗ አታልሏት የተሳሳተች ይመስለው ይሆን? ወይስ ሳትቆጥር «አራት» ማለቷን ያውቃል? ሦስት ቀን ሙሉ ዕረፍት የነሣት ይኼ ጥያቄ ነበር።

«እንደገና እንጀምር» አለች ሐኪሟ። «አራተኛው መስመር?»

«አይታየኝም።»

«ሦስተኛው?»

«እሱም አይታየኝም።»

«ጎበዝ!» አለች ሐኪሟ፣ ፈተና እንዳለፈች ሁሉ። ከዚያ ከባድ የብረት መነጽር አፍንጫዋ ላይ አስቀምጣ፣ ክብ ክብ መስታወት እያወጣች እያስገባች፣ «ይኼ ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያለች ብዙ አደከመቻት። በመጨረሻ «አሁን ዞር ዞር ብለሽ እዪ» አለቻት።

ዞር አለች። መጀመሪያ ያየችው አባቷን ነው። የአባቷን እጆች። ያንን የሚሳሳለትን ባርኔጣ ጠርዙ እስኪጨማደድ ድረስ እየጠመዘዘው ነበር። ከዓይኑ ሥር ደግሞ ለቀናት እንቅልፍ ያላገኘ ሰው እብጠት አለ። ሦስት ቀን ሙሉ አብረው ገበታ ሲቀርቡ ይኼን እንዴት አላየችም?

ሐኪሟ ሁለት ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አንድ የመነጽር ፍሬምና ዓይን ውስጥ የሚደረግ ሌንስ የያዘች አንዲት ትንሽ ዕቃ። «መቼም አዳኝ ነሽ አሉ። ስለዚህ ምርጫሽ ለትምህርት ቤት ብቻ አይሆንም። የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

«ሌንሱን!» አለች ልጅቷ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «መነጽር ካደረግኩማ ሙድ ይይዙብኛል። ጭልፊት ባለ መነጽር! በቃ፣ ፋራ ነው የምመስለው።»

ሐኪሟ ሳቀች። «ሌንስ ጥሩ ነው። ጎንሽን ሁሉ ያሳይሻል፤ በጉምና በላብ አይሸፈንም። ግን እጅሽን በንጹሕ ውኃ በሳሙና ሳትታጠቢ አትነኪውም። አቧራ ገብቶ ቢቆረቁርሽ ኮረብታው ላይ የት ታጠቢያለሽ? በወንዝ ውኃ ብታጥቢው ዓይንሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። መነጽር ደግሞ ጉም ይይዘዋል፤ ዝናብ ይመታዋል። ነገር ግን በማይሰበር ፕላስቲክ ከተሠራ ቅርንጫፍ ሲወነጨፍ ይመክትልሻል፤ ከኋላ በማሰሪያ ይታሰራል። መስታወቱም ጥቁር አይሁን፤ ማለዳ ብርሃን ሲያንስ ያለውንም ይወስድብሻል።»

«ዓይኗን ኦፕሬሽን ማድረግስ?» አለ አባቷ።

«እሱን ከአሥራ ስምንት ዓመቷ በኋላ፣ ዓይኗ መለወጡን ሲያቆም እናወራለን። አሁን እርስዎ የትኛውን ይላሉ?»

«የምታደርገው እሷ ናት፤ የምትመርጠውም እሷ ናት።»

ልጅቷ የሌንሱን ዕቃ በጣቷ ገፋ፣ ሳብ አደረገችው። በዚህች ነገር ዓይኗ መድከሙን ማንም አያውቅም። ጭልፊት ጭልፊት እንደሆነች ትኖራለች። እሑድ የሆነውም ተዳፍኖ ይቀራል።

«ትንሽ ላስብበት?» አለች።

«አስቢበት እንጂ» አለች ሐኪሟ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ከአባቷ ጋር ተቀመጡ። እሱ አናጺ ነውና የአግዳሚውን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «አሠራሩ ደካማ ነው» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

«አባዬ።»

«ወይ።»

«እሑድ… አልቆጠርኩም። እግር የሚባል ነገር አልታየኝም ነበር። ዝም ብዬ ነው አራት ያልኩህ።»

አባቷ ጣቱን ከእንጨቱ ላይ አላነሣም። «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት እግር ከቆጠርኩ ጀምሮ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«በማን ላይ ልቆጣ? ባይናኩላሩ ሲሰበር አንቺን አግኝቼ የተውኩት እኔ ነኝ። የአንዲት ልጅ ዓይን ላይ የሰው ነፍስ የጫንኩት እኔ ነኝ። ‹አይታየኝም› ለማለት ያፈርሽው እኔ ጭልፊት፣ ጭልፊት ስልሽ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ሦስት ቀን ሙሉ ተመስገን ስል ነው የከረምኩት። ለእሱም፣ ለአንቺም። ከራስሽ አፍ እስክሰማው ድረስ ግን እጠብቅ ነበር።»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አባቷን እንደዚያች ቀን ወዳው አታውቅም። ስላልተኮሰ በልቧ አመሰገነችው፤ ስላልተቆጣ አመሰገነችው፤ ስለጠበቃት ደግሞ ከሁሉም በላይ። አፏን ሞልታ መናገር ስላቃተታት ግን የተጨማደደውን ባርኔጣ ከጉልበቱ ላይ አንሥታ ጠርዙን ማቃናት ያዘች። እሱም ገብቶት ባርኔጣውን ተወላት።

ከዚያ ተነሥታ ሐኪሟ ዘንድ ገባች። «መነጽሩን። ማሰሪያ ያለውን» አለች። በሩ ላይ ስትደርስም ተመልሳ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። «ስለምኑ?» አለች ሐኪሟ። «‹አይታየኝም› መልስ ነው ስላሉኝ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ የንብ አርቢው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። አባቷ ተከተላት እንጂ አልቀደማትም። ንብ አርቢው ቀፎ እየጠገነ ነበር። እየተንተባተበች ሁሉንም ነገረችው፤ ጆንያውን፣ አራቱን እግር፣ የማለችውን መሐላ። ሰውየው መዶሻውን አስቀመጠ። ፊቱ ጥቂት ገረጣ፤ እግሮቹን ቁልቁል አየና ደጋግሞ ተመለከታቸው።

«እንግዲህ ፈጣሪ ሁለት ብቻ ስለሰጠኝ ይመስገን» አለ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አድርጌያለሁ። መጥተሽ ባትነግሪኝ ግን አላውቅም ነበር እኮ። ከማን ጋር ጎረቤት እንደሆንኩ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ደግሞም ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቡናማ ጃኬት ለብሶ አሳማ የሚመላለስበት ቦታ የሚያጎነብስ ሰው የት አለ?»

መነጽሩ በአሥረኛው ቀን ደረሰ። ክፍል ውስጥ እንደፈራችው ሁለት ልጆች «ጭልፊት ባለ መስታወት!» ብለው ሙድ ያዙባት። ሰሌዳውን ከኋላ ወንበር ሆና ስታነብ ግን ያ ሁሉ ጆሮዋ አልገባም። ከሁሉ የገረማት፣ ለስንት ወር በፈገግታ ሰላም ስትለው የነበረው ሰውዬ ልብስ መሸጫው በር ላይ የቆመ አሻንጉሊት ሆኖ መገኘቱ ነው።

እሑድ ጠዋት ኮረብታው ላይ ወጡ። አባቷ አሮጌ ባይናኩላር ከወዳጁ ተውሶ አምጥቷል፤ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። የመነጽሯን ማሰሪያ ከኋላ አጥብቃ ማዶውን ቃኘች። መጀመሪያ ያገኘችው ንብ አርቢውን ነው፤ ከቀፎዎቹ መካከል፣ እንደ ቲማቲም የቀላ ኮፍያ አድርጎ።

«ሁለት እግርና አንድ ቀይ ኮፍያ» አለች። አባቷ ትከሻው እስኪናጥ ሳቀ።

ጥቂት ቆይቶ፣ በሌላው አቅጣጫ፣ ማሳው ጠርዝ ላይ ያለው ረጅም ሣር ተነቃነቀ። ጥቁር ጀርባ ብቅ አለ። አባቷ እጁን ጠመንጃው ላይ አሳረፈ፤ ከጉልበቱ ግን አላነሣውም።

«ስንት እግር?»

አሳማ ለመሆኑ እርግጠኛ ልትሆን ምንም አልቀራትም። ባይናኩላሩን አስተካከለች። መነጽሯን ወለወለች። እንደገና አየች።

«ሁለቱን ቆጥሬያለሁ» አለች። «የቀሩት ሣር ውስጥ ናቸው። አይታየኝም።»

አባቷ እጁን ከጠመንጃው ላይ አነሣና ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰፋ አደረገላት።

«እንግዲያው እንቀመጥ» አላት።